ሥልጠናው ከሥራው ይጀምር፦ ለፍልስጤም ወጣቶች ሥልጠና በጀት ለምትይዙ መሥሪያ ቤቶች ግልጽ ደብዳቤ

ለአውሮፓ ኅብረት፣ ለዓለም ባንክ፣ ለዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት፣ ለጀርመኑ የልማት ትብብር ድርጅት ጂ.አይ.ዜድ.፣ እንዲሁም ራማላ ለሚገኘው የፍልስጤም የሥራ ሚኒስቴር

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

የምጽፍላችሁ በአንድ ጉዳይ ነው። ሥራ ላጡ የፍልስጤም ወጣቶች ሥልጠና በምትመድቡት ገንዘብ መጀመሪያ ሥራውን ፈልጉ፣ ከዚያ አሠልጥኑ። እስካሁን በብዛት የሚደረገው ተቃራኒው ነው። ክፍል ይከፈታል፣ ልጆቹ ይመዘገባሉ፣ ይሠለጥናሉ፣ ሰርተፊኬት ይወስዳሉ። ሥራው የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ ደግሞ በጀቱ አልቋል።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ብየዳና ብረታ ብረት የማስተምር ሰው ነኝ። ፍልስጤም ሄጄ አላውቅም። ሠልጥኖ፣ ተመዝኖ፣ ሲኦሲውን አልፎ ቤቱ የተቀመጠ ልጅ ግን በየዓመቱ አያለሁ። በአማርኛ የምጽፈው እንደኔ ያሉ የሙያ መምህራን አንብበውት ድምፃቸውን እንዲጨምሩበት ብዬ ነው። ከእናንተም አብዛኞቻችሁ እዚህ ከተማ ቢሮ አላችሁ። ደብዳቤው ምን እንደሚል የሚነግራችሁ ባልደረባ አታጡም።

ነገሩ የጋዛው ጦርነት ያመጣው ብቻ አይደለም። የፍልስጤም ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንዳወጣው፣ ከጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. በፊት በነበሩት ሦስት ወራት ሥራ አጥነት በዌስት ባንክ 13 በመቶ፣ በጋዛ 45 በመቶ ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ ያላቸውን ወጣቶች ለብቻ ስታዩዋቸው ደግሞ ይብሳል። ግማሽ ያህሉ ሥራ አልነበራቸውም። በጋዛ ከአራት ተመራቂ ሦስቱ ገደማ ሥራ ፈላጊ ነበሩ። ይህ ሁሉ ሰላም በሚባለው ጊዜ ነው። እነዚህ ልጆች ትምህርት አልጎደላቸውም። ፍልስጤማውያን ልጆቻቸውን ለማስተማር የማይሸጡት ነገር የለም። ተውጂሂ የሚሉት የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት የሚወጣበት ቀን በየሰፈሩ ርችት የሚተኮስበት ቀን ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እስራኤል ውስጥና በሰፈራ መንደሮች ይሠሩ የነበሩ ከ150 ሺህ በላይ ሰዎች የሥራ ፈቃዳቸው በአንድ ጊዜ ቆመ። አብዛኞቹ ግንበኞች፣ ፌሮ ሠራተኞች፣ ልሳኞች፣ ሴራሚክ አንጣፊዎች ነበሩ። አገራቸው ከሚከፈላቸው ከእጥፍ በላይ እያገኙ ቤተሰብ ይመሩ ነበር። ዛሬ በብዙ ቦታ የእነሱን ሥራ የሚሠሩት ከህንድና ከሌሎች አገሮች የመጡ ሠራተኞች ናቸው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በጥቅምት 2024 ባወጣው ግምት ሥራ አጥነት በጋዛ 80 በመቶ፣ በዌስት ባንክ 35 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር። የፍልስጤም አስተዳደር ሰው ልቅጠር ቢል ገንዘብ የለውም። በ1994ቱ የፓሪስ ፕሮቶኮል መሠረት የጉምሩክ ገቢውን የምትሰበስብለት እስራኤል ናት። እሷ ደግሞ ትቆርጣለች፣ ትይዛለች። ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛው ሙሉ ደመወዝ ማግኘት ብርቅ ሆኖበታል።

ይህን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ብዙው ቁጥር የወጣው ከራሳችሁ ሪፖርት ነው። ያነሳሁት ቀጥሎ የምለው ነገር ከዚህ ስለሚመጣ ነው። ሥራ በሌለበት አገር ሥልጠናን ብቻውን መስጠት ችግሩን ከአንድ ወረፋ ወደ ሌላ ወረፋ ማዛወር ነው። ልጁ መጀመሪያ ያለ ሙያ ሥራ አጥ ነበር። አሁን ባለ ሙያ ሥራ አጥ ይሆናል። ቤተሰቡ ሦስት ወር ተስፋ አድርጎ ጠበቀ፣ ከዚያ ምንም የለም። እንዲህ ያለው ልጅ ለሁለተኛ ሥልጠና ስትጠሩት የሚመጣው ለትራንስፖርት አበሉ ብቻ ነው። አልፈርድበትም።

የአጭር ጊዜውን ቅጥርም እዚሁ ላንሳው። ለጥቂት ወራት እየተከፈለ የሚሠራ የማኅበረሰብ ሥራ አለ። ጽዳት፣ የትምህርት ቤት ረዳትነት፣ የቢሮ ሥራ። ጋዛን በመሰለ ቦታ ይህ ገንዘብ ዳቦ ነው፤ ይቅር የሚል ሰው ካለ የተራበ ሰው አላየም። ግን ስሙን በስሙ እንጥራው። እሱ እርዳታ ነው። ለእርዳታነቱ ይመስገን። በሪፖርት ላይ ግን «ሥራ ፈጠርን» ተብሎ ከሥልጠናው ውጤት ጋር አይደመር።

ታዲያ ከሥራው መጀመር ማለት ምን ማለት ነው? እዚያው አገር የተጀመረ አለ። አል ቁድስ ዩኒቨርሲቲ በ2015 በጀርመን ድጋፍ አንድ ፕሮግራም ከፈተ። ተማሪው በትምህርቱ ጊዜ ከአንድ ድርጅት ጋር ይያያዛል። የተወሰነ ጊዜ ክፍል ይማራል፣ የተወሰነ ጊዜ ድርጅቱ ውስጥ ይሠራል፣ እንዲህ ተራ በተራ እየተፈራረቀ ይመረቃል። ኤሌክትሪክ ምህንድስና አለ፣ የኮምፒውተር ትምህርት አለ፣ ቢዝነስ አለ። የዚህ ዓይነቱ አሠራር ትልቁ ጥቅም ቀጣሪው ልጁን የሚያውቀው በሲቪ ሳይሆን በሥራው መሆኑ ነው። ጠዋት በሰዓቱ ይገባል? ያበላሸውን ያስተካክላል? ይህን ቀጣሪው ለረጅም ጊዜ አይቶታል። እኛ ኮሌጅም የትብብር ሥልጠና የምንለው አለ። በደንብ ሲሠራ ከየትኛውም ክፍል ይበልጣል። ለይስሙላ ሲሠራ ግን ልጁ ፋብሪካ ገብቶ ሻይ እያመላለሰ ይወጣል። ልዩነቱን የሚያመጣው ለድርጅቱ የሚከፈለው ገንዘብና የሚደረግበት ክትትል ነው።

እዚህ ላይ ስለ ፍልስጤም ድርጅቶች ልታስቡት የሚገባ ነገር አለ። አብዛኞቹ ከአሥር ሰው በታች የሚሠራባቸው ናቸው። አባትና ሁለት ልጆች የሚያንቀሳቅሱት ጋራዥ፣ የአጎት ልጆች የከፈቱት የአልሙኒየም ቤት። እንዲህ ያለ ቤት «ሠልጣኝ ተቀበል» ስትሉት ፎርም የሚሞላ ጸሐፊ የለውም። ቁሳቁስ የሚያባክን ጀማሪም አይችልም። ስለዚህ ገንዘቡን ከሥልጠና ክፍሉ ቀንሳችሁ ወደ እሱ አምጡት። ለጀማሪው የመጀመሪያ ወራት ደመወዝ ግማሹን ሸፍኑ። ለሚያስተምረው ለባለቤቱ ለጊዜው ክፈሉት። ዝቅተኛው ደመወዝ በ2022 ወደ 1,880 ሼቄል ከፍ ብሏል። ብዙ ትናንሽ ቤቶች ለጀማሪ ይህን መክፈል አይችሉም፤ ከፍለው ሲያዩት ግን ልጁን ለመልቀቅ ይከብዳቸዋል።

ከአገሬ አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም የያዛችሁት እናንተው ነበራችሁ። ያኔ ጂ.ቲ.ዜድ. ይባል የነበረው የጀርመን ድርጅት ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት እዚህ ኮብልስቶን ሲያስጀምር ወጣቱ ድንጋይ መጥረብን ተምሮ ሲወጣ የሚነጠፈው መንገድ ይጠብቀው ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ መንገዱን ለተደራጁት ማኅበራት ይሰጣል፣ እነሱ ይጠርባሉ፣ ያነጥፋሉ፣ ይከፈላቸዋል። ጉድለት አልነበረበትም አልልም። ዲግሪ የያዘ ልጅ ድንጋይ ጥረብ ተባለ የሚለው ቅሬታ እውነት ነበረው። ቢሆንም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወጣት የመጀመሪያ ደመወዙን ያገኘው ከዚያ ነው። የሠራው ሥልጠናው የተለየ ስለነበረ አይደለም። የሥራው ትእዛዝ ከሥልጠናው ቀድሞ ስለተፈረመ ነው። ዌስት ባንክ ደግሞ ድንጋይ አለው። ሄብሮን፣ ቤተልሔም አካባቢ ቤት ፈጃር፣ ናብሉስ አጠገብ ጀማዒን የካባና የድንጋይ መቁረጫ አገሮች ናቸው። ሄብሮን ያለው የፍልስጤም ፖሊ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ለድንጋይና እብነ በረድ የተለየ ማዕከል አለው። በእናንተ ገንዘብ የሚሠሩ ትምህርት ቤቶች፣ ክሊኒኮችና መንገዶችም አሉ። ጨረታው ሲወጣ «ከሠራተኞቹ ይህን ያህሉ ከዚህ ማዕከል የወጡ ጀማሪዎች ይሁኑ» የሚል አንድ አንቀጽ ብትጨምሩበት ሥራው ተገኘ ማለት ነው።

አሁን ወደ እነዚያ ፈቃዳቸው ወደቆመባቸው ሠራተኞች ልመለስ። ከእነሱ ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። በ18 ዓመታቸው ሳይት ገብተው በ25 ዓመታቸው የተካኑ አንጣፊዎች የሆኑ። ብዙዎቹ ወረቀት የላቸውም፤ ሙያቸውን የተማሩት እዚያው ግንባታው ላይ ነው። እነሱን ለሦስት ወር የመሠረታዊ ግንባታ ሥልጠና መመዝገብ ስድብ ነው። የሚያስፈልጋቸው ምዘና ነው። በልምድ የተገኘውን ሙያ በአንድ ቀን የተግባር ፈተና ለይቶ፣ ደረጃ ሰጥቶ፣ ወረቀቱን መስጠት። ከእነሱ የሚችሉትን ደግሞ አሠልጣኝ አድርጓቸው። አንድ ጥሩ አንጣፊ አምስት ልጆች አስከትሎ አንድ ሕንፃ ቢጨርስ ስድስቱም ያተርፋሉ። ለዚህ አዲስ ሕንፃ መሥራት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው መዛኝ፣ መሣሪያና ቀጣሪው የሚያምነው ማኅተም ነው።

ማዕከላት ካነሳሁ ስለ ቃላንዲያ ዝም ማለት አልችልም። በኢየሩሳሌምና በራማላ መካከል ያለው የቃላንዲያ ማሠልጠኛ የተባበሩት መንግሥታት የፍልስጤም ስደተኞች መርጃ ድርጅት፣ አንርዋ፣ በ1953 የከፈተው ነው። ከየስደተኛ ካምፑ የሚመጡ የደሃ ልጆች እዚያ አድረው ብየዳ፣ ኤሌክትሪክ፣ ቧንቧ ሲማሩ ሰባ ዓመት አልፎታል። በጥቅምት 2024 የእስራኤል ፓርላማ አንርዋን የሚከለክሉ ሕጎች አወጣ። ሕጎቹ በጥር 2025 መጨረሻ ሥራ ላይ ዋሉ። በየካቲት ወታደሮችና ፖሊሶች ግቢው ገብተው እንዲለቀቅ አዘዙ። ያኔ ግቢው ውስጥ ወደ 350 ተማሪዎች ነበሩ። እኔ የወርክሾፕ መምህር ነኝ። አንድ ወርክሾፕ ለመሙላት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አውቃለሁ። ማሽኑ ይገዛል፤ ልጁን ከማሽኑ ጋር የሚያስተዋውቅ መምህር ግን በጨረታ አይገኝም። አዲስ የሥልጠና ፕሮጀክት ከማወጃችሁ በፊት የነበረው እንዳይዘጋ ድምፃችሁን አሰሙ። ለአንርዋ ማዕከላት መሟገት የፖለቲካ ነገር ነው ብላችሁ ከሸሻችሁ፣ ከእነዚህ ልጆች ጋር የሚያገናኛችሁ ሌላ በር የላችሁም።

ስለ መንገድም አስቡ። የተባበሩት መንግሥታት በ2025 መጀመሪያ ሲቆጥር በዌስት ባንክ ከ800 በላይ ኬላዎች፣ የብረት በሮችና የአፈር ክምሮች ነበሩ። በካርታ ላይ ግማሽ ሰዓት የሆነው መንገድ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይታለፍም። ናብሉስ ያለ ልጅ ራማላ ተቀጥሯል ብላችሁ ስትጽፉ በወሩ መጨረሻ አርፋጅ ተብሎ ተባሮ ይሆናል። ስለዚህ ሥራውን ልጁ በእግሩ ሊደርስበት የሚችል ቦታ ፈልጉ። ያ ካልተቻለ የማደሪያ ኪራይ በበጀቱ ውስጥ ይግባ። የጄኒን፣ የቱልካረምና የኑር ሻምስ ካምፖች ነዋሪዎች ከጥር 2025 ጀምሮ ከቤታቸው ተፈናቅለዋል፤ ቁጥራቸው ወደ 40 ሺህ ይጠጋል። ከእነሱ መካከል ላሉት ወጣቶች የማደሪያው ነገር ከሥልጠናው ይቀድማል።

ጋዛን ለብቻው ነው የማየው። እዚያ ማሠልጠኛ ብሎ ነገር ቀርቶ ግድግዳ ራሱ ብርቅ ነው። የአንርዋ የኻን ዩኒስ ማሠልጠኛ ማዕከል ሰው ተጠልሎበት ሳለ በጥር 2024 ተመትቶ ከአሥር በላይ ሰዎች ሞተውበታል። ግን ሥራ የለም የሚባልበት ቦታ አይደለም፤ ሥራማ ሞልቷል። የዓለም ባንክ፣ የአውሮፓ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት በየካቲት 2025 በጋራ ባወጡት ግምት መልሶ ለማቋቋም ከ53 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስፈልጋል። የሚነሳው ፍርስራሽ በአሥር ሚሊዮኖች ቶን ይቆጠራል። ጥያቄው ይህን ገንዘብ የሚበላው ማን ነው የሚለው ነው። የውጭ ተቋራጭ ማሽኑንም ሰውንም ይዞ ከገባ የጋዛ ልጅ ከአጥር ውጭ ቆሞ ያያል። ከአሁኑ የኮንትራቱ አንቀጽ ላይ ከተጻፈ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ኤሌክትሪክ፣ ቧንቧ፣ ሶላር፣ ፍርስራሽ ለይቶ መልሶ መጠቀም፣ ያልፈነዳ ፈንጂ ያለበትን ቦታ ለይቶ ማመልከት፤ ሁሉም ሠልጣኝ የሚፈልግ ሥራ ነው።

አንዱን ሙያ ለይቼ ልንገራችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 መገባደጃ እንዳለው በጋዛ ከ5,000 በላይ ሰዎች እጃቸው ወይም እግራቸው ተቆርጧል። ከእነሱ መካከል ሕፃናትም አሉ። ሰው ሠራሽ እጅና እግር ሠርተው የሚገጥሙ ባለሙያዎች ግን ስምንት ብቻ እንደቀሩ ያው ድርጅት ተናግሯል። ስምንት! በማደግ ላይ ያለ ሕፃን በየጊዜው አዲስ እግር ያስፈልገዋል። ይህ ሥራ ለአሥርት ዓመታት አያልቅም። ብረት፣ ፕላስቲክ፣ ጀሶ፣ ልኬት የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል፤ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሁለት መቶ ወጣቶች በዚህ ሙያ ለማሠልጠን፣ ለወርክሾፑም ቁሳቁሱን ለማስገባት የሚያስፈልገው ገንዘብ ከእናንተ ዓመታዊ በጀት አንጻር ትንሽ ነው። እንቅፋቱ መግቢያው ነው፤ ቁሳቁሱ ኬላ ላይ ይያዛል። እሱን ለማስከፈት ከእናንተ የበለጠ ሊጮህ የሚችል የለም።

ስለ ሴቶቹ ደግሞ። በፍልስጤም ዩኒቨርሲቲዎች ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይበዛሉ። ሥራ ገበያው ውስጥ ያሉት ግን ከመቶ ሴቶች ሃያ አይሞሉም። በኬላ የተሞላ መንገድ ለሴት ልጅ የባሰ ነው። አባት «ማታ ትመለሳለች ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ጭካኔ አይደለም። ልጅ ያላቸውን ደግሞ ሕፃን የሚያቆይላቸው ከሌለ ማሠልጠን ትርጉም የለውም። ሥልጠናው ቦታ ላይ የሕፃናት ማቆያ ይኑር። ሞግዚቶቹም ሠልጥነው የሚቀጠሩ ወጣት ሴቶች ይሁኑ።

ኬላ የማያቆመው ሥራ አለ፤ በኢንተርኔት የሚሠራው። ራማላ፣ ናብሉስና ራዋቢ ላይ ለውጭ ድርጅቶች ኮድ የሚጽፉ መሐንዲሶች አሉ። ጋዛ ውስጥ ከ2011 ጀምሮ ጋዛ ስካይ ጊክስ የሚባል የቴክኖሎጂ ማዕከል ወጣቶችን ሲያሠለጥን ቆይቷል። በጦርነቱ መሐል እንኳ በሶላር ቻርጅ እያደረጉ ድንኳን ሥር የሠሩ አሉ። ችግሩ ደመወዙ ነው። በኢንተርኔት ገንዘብ የሚያስተላልፈው ፔይፓል ለዌስት ባንክና ለጋዛ ፍልስጤማውያን አገልግሎት ሳይሰጥ ዓመታት አልፈዋል። እዚያው ዌስት ባንክ የሰፈሩ እስራኤላውያን ግን ይጠቀሙበታል። የፍልስጤም ኩባንያዎች ይህ እንዲስተካከል በ2016 በይፋ ጠይቀው ነበር። ለልጆቹ ፍሪላንስ እያስተማራችሁ ገንዘቡ የሚገባበትን መንገድ ካልጠየቃችሁላቸው ሥልጠናው ጎዶሎ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፔይፓልን ደብዳቤ ጽፎ ቢጠይቅ የሚያጣው ነገር የለም።

አንድ መልስ ከአሁኑ ይሰማኛል። «ዋናው ችግር የእስራኤል ወረራ ነው፤ ሥልጠና አይፈታውም» ልትሉኝ ትችላላችሁ። እስማማለሁ። የዌስት ባንክ 60 በመቶ ገደማ የሆነው ኤሪያ ሲ የሚባለው መሬት በእስራኤል ሙሉ ቁጥጥር ሥር ነው። የዓለም ባንክ ራሱ በ2013 ያ ክልከላ ቢነሳ የፍልስጤም ኢኮኖሚ በዓመት 3.4 ቢሊዮን ዶላር ተጨማሪ ሊያገኝ ይችል እንደነበር ጽፏል። ሰፊ የእርሻ መሬትና ብዙ ካባ ያለው እዚያ ነው። ይህ እስኪለወጥ አብዛኛው ወጣት ሥራ አያገኝም። ይህን በየስብሰባችሁ ተናገሩ። ግን የሥልጠናው ገንዘብ ዛሬም እየወጣ ነው፤ ነገም ይወጣል። እሱን በደንብ ለማውጣት ማንም ፈቃድ አይጠየቅም።

የምጠይቀው እንግዲህ ይህን ነው። በሚቀጥለው የፕሮፖዛል ጥሪያችሁ ላይ አሠልጣኝ ድርጅቶች መጀመሪያ የቀጣሪ ፊርማ ይዘው ይምጡ። ከክፍያው ትልቁ ድርሻ ልጁ ሥራ ላይ ስድስት ወር ሲሞላው፣ ቀሪው ዓመት ሲሞላው ይለቀቅ። ኬላ ተዘግቶ፣ ቦምብ ወድቆ ሥራው ቢቋረጥ ጥፋቱ የድርጅቱ ስላልሆነ አይቀጣ፤ ግን ተጽፎ ይቀመጥ። በዓመታዊ ሪፖርታችሁም «ስንት ሠለጠኑ» ከሚለው መስመር አጠገብ «ከዓመት በኋላ ስንት እየሠሩ ነው፣ ስንት እየተከፈላቸው» የሚል መስመር ይጨመር፤ ለጋዛና ለዌስት ባንክ፣ ለሴትና ለወንድ ተለይቶ። ቁጥሩ የሚያሳፍር ቢሆንም አውጡት። አሠልጣኞች እናየዋለን፤ ልጆቹም ያዩታል።

መልሳችሁን ራማላና ጋዛ ላሉት ወጣቶች በአረብኛ ስጡ። ለእኔ ብቻ የሚጻፍ መልስ አያስፈልገኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የብረታ ብረት ሙያ መምህር
አዲስ አበባ